ዙም ኤች 5 ከሚክሰር ጋር፦ የመድረክ ሙዚቃ ለመቅዳት ይበቃል?

ሳላንዛዛ ልናገር፤ ይበቃል። ዙም ኤች 5 እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ መቅጃ ነው። ከእሱ በኋላ ብዙ የረቀቁ ዕቃዎች መጥተዋል። እኔ ግን ባንድ ልቀዳ ስሄድ አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ የምከተው እሱኑ ነው። ምክንያቴ የድምፁ ጥራት ብቻ አይደለም፤ በጥራት የሚስተካከሉት ሞልተዋል። ምክንያቴ አራት ትራክ፣ ማለትም አራት የድምፅ መስመር ለየብቻ የሚይዝ መሆኑ ነው። ሁለቱ ከሚክሰሩ (የመድረኩ ማይኮችና መሣሪያዎች ድምፅ ተሰብስቦ ከሚመጣጠንበት ማሽን) የሚመጣውን፣ ሁለቱ ደግሞ አናቱ ላይ ባሉት ማይኮች የአዳራሹን ድምፅ፣ በአንድ ጊዜ፣ ለየብቻ ይይዛሉ። ለዚህ ሥራ በሁለት ትራክ ብቻ መውጣት፣ እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ሥራውን ከግማሽ ማቆም ነው።

ለምን እንደዚያ እንደምል ለመግባባት መጀመሪያ ሚክሰሩ ውስጥ ምን እንዳለ እንይ።

ብዙ ሰው ነገሩን ቀላል አድርጎ ያየዋል። ሁሉም ማይክ የሚገባው ሚክሰር ውስጥ አይደል? ታዲያ ከሚክሰሩ አንድ ገመድ ከሳብኩ ስቱዲዮ የተቀዳ የመሰለ ሥራ አገኘሁ ማለት ነው ይላል። ቤቱ ገብቶ ሲከፍተው ዘፋኙ ጆሮው ሥር ቆሞ ይጮህበታል፣ ድራሙ አለ የለም ያሰኛል፣ ጊታሩ ጭራሽ ጠፍቷል፣ አጨብጫቢም የለም። ከዚያ መቅጃውን ይረግማል። መቅጃው ምን ያድርግ? የሰጡትን ነው የያዘው።

የሚክሰሩ ሰውዬ የሚያመጣጥነው ለአዳራሹ እንጂ ለቅጂ አይደለም። ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ድራም ያለ ምንም ማይክ ራሱን ያሰማል። የጊታሩ አምፕም (የራሱ ድምፅ ማጉያ) እንደዚያው። ቤዙም ከራሱ ስፒከር ይወጣል። ራሱን ማሰማት የማይችለው የሰው ድምፅ ነው፤ ስለዚህ ሰውዬው ፋደሩን (የድምፅ መጠን የሚቀይረውን ተንሸራታች) ከፍ የሚያደርገው ለዘፋኙ፣ ምናልባት ለኪቦርዱም ነው። በሌላ አነጋገር ሚክሰሩ ውስጥ ያለው አዳራሹ የጎደለው ነገር ነው። እሱን ብቻ መቅዳት መልሱን ትቶ ጥያቄውን ይዞ እንደ መሄድ ነው። አዳራሹ እየሰፋ ሲሄድ፣ በተለይ ሜዳ ላይ ሲሆን፣ ሁሉም መሣሪያ በትልቁ ስፒከር ማለፍ ስላለበት የሚክሰሩ ድምፅ ሚዛኑን እየጠበቀ ይመጣል። ትልቅ መድረክ ላይ ከሚክሰር ብቻ የተቀዳ ጥሩ ሥራ የሚሰማውም ለዚህ ነው፤ ትንሽ ክበብ ውስጥ ግን አይጠብቁት።

ሌላም አለ። ክፍሉ ራሱ ስለሚያስተጋባ ሰውዬው ሪቨርብ (ሰው ሠራሽ ማስተጋባት) ይቆጥባል፤ ቅጂው ደረቅ ይሆናል። ክፍሉ ባሱን ካበዛበት ከሚክሰሩ ላይ ባስ ይቀንሳል፤ ቅጂው ይከሳል። ማይክ እየጮኸ ካስቸገረው አንዳንድ ድምፆችን በኢኪው (ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ ለየብቻ በሚያስተካክለው) ይቆርጣል፤ ያም ቅጂው ላይ ይታያል። ይሄ ሁሉ የሰውዬው ጥፋት አይደለም። ሥራውን በትክክል እየሠራ ነው።

እና ኤች 5 እዚህ ላይ ነው ዋጋ የሚያወጣው። አናቱ ላይ ተሻግረው የተተከሉት ሁለት ማይኮች ድራሙን፣ የጊታሩን አምፕ፣ የሕዝቡን ጩኸትና የክፍሉን ድምፅ ይይዛሉ። ከታች ያሉት ሁለቱ መግቢያዎች ኤክስ ኤል አርም (ባለ ሦስት እግሩን የማይክ መሰኪያ) ትልቁን ጃክም (የጊታር ገመድ ዓይነቱን) የሚቀበሉ ናቸው፤ በእነሱ የሚክሰሩ ድምፅ ይገባል። ቤት ገብታችሁ ሁለቱን ስታደባልቁ ሙዚቃው ሰው ይሆናል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። ሜኑው ውስጥ መልቲ ፋይልና ስቴሪዮ ፋይል የሚሉ ሁለት ምርጫዎች አሉ። ስቴሪዮ ፋይል ሁሉንም እዚያው አደባልቆ አንድ ፋይል ያደርገዋል። ያኔ አራት ትራክ ነው ብሎ መግዛቱ ምን ጠቀመ? መልቲ ፋይል ላይ አድርጉትና እርሱት።

ማዞሪያዎቹን እወዳቸዋለሁ። ለሁለቱ መግቢያ ሁለት፣ ለማይኮቹ ደግሞ እዚያው አናቱ ላይ አንድ። ሜኑ ውስጥ ገብቶ ፕላስ ማይነስ መጫን የለም። ጨለማ ውስጥ በጣት ይገኛሉ። ፊት ለፊታቸው የተጠማዘዘ ዘንግ አለ፤ አንድ ሰው ጠረጴዛው ላይ ጃኬቱን ቢወረውር ማዞሪያው ተነክቶ ሌቭሉ (የድምፁ መጠን) እንዳይበላሽ ይከላከላል። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ሚክሰሩ አካባቢ ጃኬት፣ ስልክና ጠርሙስ የማያስቀምጥ ማን አለ?

አሁን ወደ ዋናው ፈተና እንምጣ፤ ሌቭል።

ማይክ የሚያወጣው ጥቂት ሚሊ ቮልት ነው። የፕሮፌሽናል ሚክሰር ዋና መውጫ ግን በተለመደው ደረጃው +4 ዲቢዩ፣ ማለትም 1.23 ቮልት ገደማ ይልካል። ድራሙ ሲመታና ዘፋኙ ሲጮህ ደግሞ ከዚያ ብዙ ይዘላል። ስለዚህ ለማይክ የተሠራ መግቢያ ላይ ይህን ስትሰኩበት በመቶ እጥፍና ከዚያ በላይ ነው የሚያንቧቧበት። ድምፁ ይሰነጠቃል። ከመግቢያው ላይ የተሰነጠቀ ድምፅ ደግሞ በኋላ በምንም ሶፍትዌር እንደ ነበረ አይመለስም። ኤች 5 ለእያንዳንዱ መግቢያ 20 ዲቢ (ዲሲቤል፣ የድምፅ መጠን መለኪያ) የሚቀንስ ፓድ የሚባል ነገር አለው፤ ከሚክሰር ስትቀዱ እሱን ማብራት ግዴታ ነው በሉ። እሱም ሆኖ ማዞሪያው ወደ ታች ነው የሚቀመጠው። ማዞሪያው ዜሮ አካባቢ ተጣብቆም ሜትሩ ቀይ ከሆነ፣ ችግሩ ከመቅጃው በፊት ነው፤ ያኔ ሰውዬውን የምትወስዱትን መውጫ ዝቅ እንዲያደርግላችሁ መጠየቅ ብቻ ነው መፍትሔው።

ስንት ላይ ላድርገው ለሚል፦ ሳውንድ ቼክ (ከዝግጅቱ በፊት የሚደረግ የድምፅ ሙከራ) ላይ ከፍተኛው ምት ከ18 እስከ 12 ዲቢ ከዜሮ (ድምፅ ከሚሰነጠቅበት ጣሪያ) በታች ቢውል ይበቃዋል። ብዙ ሰው ሜትሩ ከፍ ብሎ ካላየው የቀዳ አይመስለውም። በ24 ቢት (ከመቅጃው የጥራት ምርጫዎች አንዱ) ስትቀዱ ግን ዝቅ አድርጎ መቅዳት የሚያስከፍለው የለም። አዳራሹ ራሱ የሚያሰማው ሹክሹክታ ከመቅጃው ሹክሹክታ በብዙ ይበልጣል። ሳውንድ ቼክ ላይ ደግሞ ማንም የምሩን አይዘፍንም። ሕዝብ ሲገባ ዘፋኙ ይሞቀዋል፣ ከበሮ መቺው ይሞቀዋል፣ ሰውዬውም ዋናውን ፋደር ቀስ እያለ ይገፋዋል፤ በመጨረሻው ዘፈን ላይ ከመጀመሪያው በብዙ ዲቢ ከፍ ብሎ ታገኙታላችሁ። ያ ቦታ ቀድሞ መተው አለበት። አውቶ ሌቭል የሚባለውን ደግሞ አጥፉት፤ ዘፈኑ ጸጥ ሲል እሱ ከፍ ያደርጋል፣ ድራሙ ሲገባ ይደፍቃል፣ ሙዚቃው ሲተነፍስ ይሰማችኋል።

ከሚክሰሩ የትኛውን መውጫ እንጠይቅ የሚለው ሰውን ከሰው የሚያጣላ ጉዳይ ነው። ዋናው መውጫ ላይ ያለው ሕዝቡ የሚሰማው ሚዛን ነው፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ስፒከር ስለሚሄድ ትርፍ ቀዳዳ ላይኖር ይችላል። ሬክ አውት የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ትንንሽ ቀይና ነጭ አርሲኤ ቀዳዳዎች ለዚሁ የተሠሩ ናቸው፤ ደከም ያለ ሌቭል ስለሚልኩም ለመቅጃ አይከብዱም። ማትሪክስ (ከዋናው ድምፅ የሚወስድ ተጨማሪ መውጫ) ካለ ጌታ ነው፤ ሰውዬው ዋናውን ሳይነካ ለእናንተ ብቻ ከፍና ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። የሄድፎን መውጫ የመጨረሻው አማራጭ ነው። ሰውዬው አንዱን ቻናል ለብቻው ለማዳመጥ ሶሎ ሲጫን ቅጂያችሁ ውስጥ ዘፈኑ ተቋርጦ ኪክ ድራም (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) ብቻ ዱም ዱም ሲል ትሰማላችሁ፤ ሲለቀው ዘፈኑ መሀሉ ላይ ይመለሳል። እንዲህ ያለ ቅጂ ሰምቻለሁ። ያስቃል፤ የራስ ካልሆነ።

እኔ የምወደው ኦክስ ነው፤ ከዋናው የተለየ ሚዛን የሚላክበት ተጨማሪ መውጫ ማለት ነው። አንድ ሁለት ትርፍ ኦክስ ካለ ለቅጂ የተለየ ሚዛን ይሠራበታል። በተለይ አዳራሹ ሞኖ ከሆነ፣ ማለትም ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ድምፅ ከሆነ፣ ሁለቱን ትራክ በተመሳሳይ ነገር ከመሙላት በአንዱ ኦክስ የሰው ድምፅ ብቻ፣ በሌላው መሣሪያዎቹን ብቻ መውሰድ ይሻላል። ያኔ ቤት ገብታችሁ የዘፋኙን ድምፅ ለብቻው ዝቅ ማድረግ ትችላላችሁ። ኦክሱ ፕሪ ፋደር (ከፋደሩ በፊት) ይሁን ፖስት ፋደር (ከፋደሩ በኋላ) የሚለውን ግን ከሰውዬው ጋር ተነጋገሩ። ፖስት ከሆነ እሱ ፋደሩን በነካ ቁጥር የእናንተም ይነካል፤ ጊታሩ ጎልቶ የሚጫወትበት ቦታ ሲመጣ እሱን ከፍ ሲያደርግ እናንተም ትጠቀማላችሁ። ፕሪ ከሆነ ባስቀመጣችሁበት ይቆያል፤ በዘፈኖች መሀል የዘጋው ማይክ ግን ሚክሰሩ እንደ ተዘጋጀበት ሁኔታ እናንተ ጋ ክፍት ሊሆን ይችላል። ለባንድ እኔ ፖስት እላለሁ።

ሰውዬውን ቀደም ብሎ ማናገር ከማንኛውም ዕቃ ይበልጣል። ባንዱ መድረክ ላይ ሊወጣ ሲል ገመድ ይዞ የሚመጣን ሰው ማንም አይወድም፤ እሱም ልክ ነው። ቀድማችሁ ድረሱ፣ የራሳችሁን ገመድ ይዛችሁ ሂዱ፣ ኤክስ ኤል አሩንም ጃኩንም አርሲኤውንም። የመሰኪያ መቀየሪያም አትርሱ። ባንዱንም አስፈቅዱ፤ ሙዚቃው የእነሱ ነው።

ፋንተም ፓወር (መቅጃው በገመዱ ለማይክ የሚልከው ኤሌክትሪክ) መጥፋቱን ከመሰካታችሁ በፊት እዩ። ኤች 5 ለኮንደንሰር ማይክ እስከ 48 ቮልት በኤክስ ኤል አር ይልካል። ለማይክ ጥሩ ነው። ወደ ሚክሰር መውጫ ሲላክ ግን ምንም አይጠቅምም፣ መውጫውንም ሊጎዳ ይችላል፤ የሌላ ሰው ሚክሰር ደግሞ መሞከሪያ አይደለም።

ጉርምርምታ ሌላው ጣጣ ነው። ያ እምምም የሚለው የኤሌክትሪክ ድምፅ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ሚክሰሩና የእናንተ ዕቃ በሁለት የተለያየ መንገድ ከመሬት ሲገናኙ ነው። ኤች 5 በሁለት ድንጋይ ስለሚሠራ ከግድግዳ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ጣጣው ከመነሻው ይቀራል ማለት ይቻላል። በቻርጀር የሚሠራ ላፕቶፕ ይዞ መቅዳት ላይ ይሄ ምቾት የለም። ኩባንያው በሁለት አልካላይን ድንጋይ ከ15 ሰዓት በላይ ይሠራል ይላል። ፋንተም ካልበራ ለአንድ ምሽት ሐሳብ አይገባችሁም፤ እኔ ግን ሁልጊዜ አዲስ ድንጋይ ከትቼ ነው የምጀምረው፤ ግማሹን ያለቀ ድንጋይ አምኖ ኮንሰርት መግባት አልችልበትም።

መቅጃውን የት እናስቀምጠው? ሚክሰሩ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ይቀላል፤ ግን ማይኮቹ የሰውዬውን ወሬ ሁሉ ይሰማሉ። በዝግታ ዘፈን መሀል "መብራቱን ዝቅ በለው" የሚል ድምፅ ከዘፋኙ በላይ ጎልቶ ሲወጣ ምንም ማድረግ አይቻልም። ጠረጴዛው በእጅ ሲመታ፣ ብርጭቆ ሲቀመጥበት፣ ያ ሁሉ ይገባል። የማይኮቹ ራስ ንዝረትን ለመቀነስ ተንጠልጥሎ የተሠራ ቢሆንም ተአምር አይሠራም። ጀርባው ላይ የካሜራ ትራይፖድ የሚገባበት ቀዳዳ አለ፤ ቁመት ያለው ትራይፖድ ላይ ከሰው ጭንቅላት በላይ አውጡትና ወደ መድረኩ አዙሩት። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

ቤት ስትገቡ ሁለቱን ጥንድ ትራክ ዝም ብላችሁ አንድ ላይ ብትለቋቸው ድራሙ ታ-ታ እያለ ሁለት ጊዜ ይመታል። አትደንግጡ። ከሚክሰሩ የሚመጣው በገመድ ወዲያው ይደርሳል፤ ማይኮቹ የሚሰሙት ግን በአየር ተጉዞ ነው። ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚሄድ ለእያንዳንዱ ሜትር 3 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ይዘገያል። ከመድረኩ 20 ሜትር ርቃችሁ ከሆነ ወደ 58 ሚሊ ሴኮንድ ነው፤ ጆሮ በደንብ ይለየዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። አንድ ጥርት ያለ የስኔር (የትንሿ ከበሮ) ምት ፈልጉ፣ ስክሪኑን አስፉት፣ የማይኮቹን ትራክ ወደ ግራ ጎትታችሁ ሁለቱን ጫፎች አጋጥሙ። በጆሮ አረጋግጡ። ሙሉ በሙሉ ማጋጠም ግዴታ አይደለም፤ ጥቂት ሚሊ ሴኮንድ ወደ ኋላ ብትተዉለት ክፍሉ ሰፋ ያለ ይመስላል፣ እኔ እንደዚያ ይጥመኛል።

እዚህ ላይ የአራት ትራኩ ሌላ ጥቅም ይታያል። ሁሉም በአንድ ዕቃ፣ በአንድ የውስጥ ሰዓት ስለተቀዱ አንዴ ካጋጠማችኋቸው እስከ መጨረሻው ተጋጥመው ይዘልቃሉ። የሚክሰሩን በአንድ መቅጃ፣ የአዳራሹን በስልክ የሚቀዱ አሉ። የሁለት ዕቃ የውስጥ ሰዓት ፈጽሞ እኩል አይሄድም፤ መጀመሪያው ዘፈን ላይ ያጋጠማችሁት ሰዓት ካለፈ በኋላ ሲንሸራተት ታገኙታላችሁ፣ ከዚያ ዘፈን በዘፈን እየቆረጡ ማጋጠም ነው።

እንደ ኤክስ 32 ያሉት ዲጂታል ሚክሰሮች 32 ቻናል ለየብቻው በዩኤስቢ ወደ ኮምፒውተር መላክ ይችላሉ፤ ታዲያ መቅጃው ለምን? የሚል አይጠፋም። ሁሉንም ቻናል ማግኘት ከቻላችሁ ውሰዱ፣ እሰየው ነው። አዳራሹ ግን አሁንም እዚያ ውስጥ የለም። ጭብጨባውም የለም። ሰው አንስቶ ማይክ ካልተከለለት ሚክሰሩ ሕዝብ መኖሩን አያውቅም።

ካርድን በተመለከተ ኤች 5 የሚቀበለው እስከ 32 ጊጋባይት ብቻ ነው። ለዘመኑ ትንሽ ይመስላል፤ ሒሳቡ ግን አያስፈራም። በ24 ቢትና በ48 ኪሎ ኸርዝ አንድ ጥንድ ትራክ በሰዓት 1 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ አራቱም 2 ገደማ። አንድ ካርድ 15 ሰዓት ያህል ይይዛል ማለት ነው። ፋይሉ 2 ጊጋባይት ሲሞላ ራሱ ቆርጦ ቀጣዩን ይጀምራል፤ በኋላ ሁለቱን ጎን ለጎን መቀጠል ነው። ከተጀመረ በኋላ የኃይል ማብሪያውን ሆልድ ላይ አድርጉት፤ ማንም ቢነካው አይቆምም።

የማልወድለትም አለ። ስክሪኑ ትንሽና ድሮ የነበረ ዓይነት ነው፤ ሜኑው ውስጥ ለመዞር ትዕግሥት ይጠይቃል። መጠባበቂያ ቅጂ የሚባል ነገር አለው፤ ያንኑ ድምፅ 12 ዲቢ ዝቅ አድርጎ ሌላ ፋይል ላይ ይይዛል፤ ቢሰነጠቅ ማዳኛ ይሆናል። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን የሚሠራው ለአናቱ ማይኮች ነው እንጂ ለሁለቱ የታች መግቢያዎች አይደለም። ከሚክሰር ለሚቀዳ ሰው ደግሞ በጣም የሚያስፈልገው እዚያ ታች ነበር። ማን እንደወሰነው አይገባኝም።

ይሄን ችግር ከሥሩ የሚነቅሉት 32 ቢት ፍሎት የሚሉት አዳዲሶቹ መቅጃዎች ናቸው። ከዚያው ከዙም በ2022 የወጣው ኤፍ 3 እና በ2024 የወጣው ኤች 4 ኢሴንሻል የጌይን (የሚገባው ድምፅ መጠን) ማዞሪያ ጭራሽ የላቸውም። ዝቅ ያለውንም ከፍ ያለውንም ይይዛሉ፤ ሌቭሉን በኋላ ቤት ታስተካክላላችሁ። ኤፍ 3 ግን ሁለት መግቢያ ብቻ ያለው፣ የራሱ ማይክ የሌለው ነው፤ ለሚክሰሩ ከተጠቀማችሁበት ለአዳራሹ የሚተርፍ የለም። ኤች 4 ኢሴንሻል ማይኮቹም ሁለቱ መግቢያዎችም አሉት፤ ዛሬ ከዜሮ የምጀምር ብሆን እሱን ነበር የማየው። ኤች 5 ያለው ሰው ግን ለመቀየር አይቸኩል። ፍሎትም ቢሆን ሚክሰሩ ውስጥ ተሰንጥቆ የመጣን ድምፅ አያድንም፤ ሰውዬው ቻናሉ ላይ ጌይኑን አብዝቶ ቀይ ካስበራው የሚቀዳው ያው የተሰነጠቀው ነው። ስለዚህ የትኛውንም ብትይዙ ሳውንድ ቼክ ላይ ሄድፎን አድርጉና የሚክሰሩን ትራክ ብቻውን አዳምጡት።